በቦራው ጀርባ ላይ ሰው አይወጣም

ፈሪ ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል። ሶዶ ውስጥ ጠጉሩ የሸበተ ሰው አስቁማችሁ «የፈሪው ሉቃስ ቤት የት ነው?» ብትሉ፣ ሳያስብ እጁን ዘርግቶ ያሳያችኋል። ስሙ ከወጣልኝ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። መጀመሪያ ላይ ያንገበግበኝ ነበር፤ አሁን ግን ለምጄው፣ በእሱ የማይጠራኝ ሰው ሳገኝ ለአገሩ እንግዳ ይመስለኛል። ሰው ሲያረጅ ይለሰልሳል፣ ከኖረበት ነገር ጋር ይታረቃል ይባላል። እኔ አልለሰለስኩም። ያን ቀን ያደረግሁትን ዛሬም አደርገዋለሁ፤ ነገም ዕድሜ ከተጨመረልኝ አደርገዋለሁ። ይህን የምጽፈውም ይቅርታ እንዲደረግልኝ አይደለም።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት መነጽሬን ላሠራ ወጥቼ በሶዶው መርካቶ በኩል ስመለስ፣ አንድ የግንባታ ዕቃ መደብር ደጃፍ ላይ የአዲስ ጆንያና የተቃጠለ ናፍጣ ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። እግሬ ተያዘ። ቀና ብል ፎርክሊፍት ከካሚዮን ላይ ሲሚንቶ ያወርዳል። ሾፌሩ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ወጣት ነው። «አባባ፣ እዚያ ጋ አይቁሙ! ዞር ይበሉ እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። አንድ ሁለት መንገደኞች ሽማግሌ ላይ እንዴት ይጮሃል ብለው ሊቆጡልኝ ፈለጉ። እኔ ግን ወርዶ ቢሆን ኖሮ ግንባሩን እስመው ነበር። ከተነሳ ጭነት አጠገብ የቆመ ሽማግሌ ላይ የሚጮህ ሾፌር የተባረከ ሾፌር ነው። ዞር አልኩለትና ከመንገዱ ማዶ፣ አንዲት ሴት ሙዝ ከምትሸጥበት ጥላ ሥር ቆሜ ሥራውን እስኪጨርስ አየሁት። ሴትዮዋ «አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችኝ። ሁለት ሙዝ ገዛኋት።

ያኔ ሶዶ ከላይ እስከ ታች በእግር የምታልቅ ከተማ ነበረች። ጠዋት ጠዋት የዳሞታ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ያረፍዳል፤ ጉሙ ሲነሳ ወደ ቆላው ሲያዩ የአባያ ውኃ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ቦምቦሊኖ ያማረው አምስት ሳንቲም ይጨምራል። ስሙኒ ይዞ የገባ ሰው ጠግቦ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ ይወጣል። ቴትሮን ሸሚዝ የገዛ ጎረምሳ አንገትጌው ላብ እንዳይነካው መሐረብ ከሥሩ ያደርግና፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረው በአራዳ በኩል ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ጠጉር ይጎፈራል፣ ሱሪ ከጉልበት በታች ይሰፋል፤ አንዳንዱ ሱሪ መንገድ ይጠርግ ነበር። የእኔ ግን የወንድሜ አሮጌ ካኪ ስለነበረ መስፋቱን ተውትና ለመታጠፊያም ጨርቅ አልነበረው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት አንድ ሻይ ቤት የሸክላ ማጫወቻ ነበረው። ባለቤቱ መርፌውን ሸክላው ላይ ሲያሳርፍ በመንገዱ የሚያልፈው ሁሉ አረማመዱ ይቀየራል። እኛ የወንጌል አማኞች ልጆች የዓለም ዘፈን አልተፈቀደልንም፤ ስለዚህ ደጁ ላይ ጎንበስ ብለን የጫማችንን ክር እናስራለን። አንድ ጫማ ለማሰር አንድ ሙሉ ዘፈን ይፈጅብን ነበር። መንግሥቱ የማን እንደነበረ፣ ማን ወርዶ ማን እንደወጣ ሌሎች ጽፈውታል። እኔ የማስታውሰው የሻዩን ዋጋና የዘፈኑን ዜማ ነው።

በዚያ ዘመን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ተሠራ። ለገበሬው ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና የእርሻ መሣሪያ የሚከማችበት ነው። ጫኝና አውራጆቹ ከየቀበሌው የመጡ የወላይታ ገበሬ ልጆች ነበሩ፤ አብዛኞቹ በረባሶ ጫማ፣ ከላይ ደግሞ የማዳበሪያ ጆንያ አንገቱ ተቀዶ እንደ ሸሚዝ። ሲሠሩ ማየት ደስ ይል ነበር። በገጠራችን እርሻም፣ አጨዳም፣ የቤት ጣሪያ ማንሳትም በዳጎ ነው፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንተ እያለ የሚሠራበት የሥራ ማኅበር ነው። እነዚህም ልጆች ዳጎውን ይዘውት መጋዘን ገቡ። ዘፈን የሚያወጣላቸው አንድ ሰው አለ፤ እሱን «አውጪ» እንለዋለን። አውጪው ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ጭነቱም በዜማው ይነሳል። አንዱ ከሸክሙ ሥር ጎበጥ ካለ አጠገቡ ያለው ሳይጠየቅ ትከሻውን ይሰጣል። ከሸክም ሥር ትከሻውን የሰረቀ ሰው በዚያ ቡድን ውስጥ ሁለተኛ አይቆምም፤ ልጁን እንኳ የሚድርለት አያገኝም። አውጪው ደግሞ አንድ ነገር አላምር ካለው «ኤቂቴ!» ይላል፤ ቁሙ ማለት ነው። ያን ጊዜ እግር የተነሳ እንደተነሳ፣ እጅ የተዘረጋ እንደተዘረጋ ይቀራል። ያቺን ቃል ከአውጪው በቀር ማንም አይናገራትም።

አውጪያቸው አንጁሎ ነበር። ትከሻው የበር መቃን የሚያክል፣ ድምፁ ከመጋዘኑ ጓሮ ወጥቶ አስፋልቱ ጋ የሚሰማ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው ነው። በአሥር ዓመት ያህል ይበልጠኛል። አባታቸው ቀደም ብለው ስላረፉ ለታናናሾቹ አባታቸው እሱ ነበር። ከታናናሾቹ አንዷ ማርታ ናት። ማርታ ኦቶና ሆስፒታል ቁስል ታጥብና በፋሻ ታስር ነበር፤ ነጭ ጋዋኗን በሰማያዊ ሹራብ ሸፍና ጠዋትና ማታ በመጋዘናችን ደጅ ታልፋለች። ለምን መጋዘን ተቀጠርክ ብትሉኝ ሌላ መልስ የለኝም። ሽማግሌ ልልክ ነገሩ ተመክሮበት፣ አንጁሎም «እስቲ ይምጡ» ብሎ ነበር። እንግዲህ የሚመጣው ነገር ምን እንደሚያስከፍለኝ ከአሁኑ እወቁልኝ።

ማሽኑ የመጣው ካሚዮን ላይ በሰንሰለት ታስሮ ነው። ቢጫ ነበር። ሠፈሩ ሁሉ ወጣ፤ የገበያ ቀን ስለነበረ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው የሚወጡ ሴቶች ሳይቀሩ ቆመው አዩት። ከፊቱ የተዘረጉትን ሁለት ረጃጅም ብረቶች አይተው አንድ ሽማግሌ «ቦራ!» አሉ። በወላይትኛ በሬ ማለት ነው። በዚያው ቦራ ሆኖ ቀረ፤ ፎርክሊፍት የሚል ሰው አልነበረም። ጫኞቹ ሥራችንን ሊቀማን ነው ብለው ያኮርፋሉ ያለ ሁሉ ተሳሳተ። አንጁሎ ዙሪያውን ዞሮ አየው፣ በመዳፉ ጎኑን መታ መታ አደረገውና፣ «ይሄ በሬ ጎበዝ ነው። ዳጎ ይግባ!» አለ። እንደ አንድ ብርቱ ጎረቤት ተቀበሉት። የመጣውም መዘዝ ከዚሁ መልካምነታቸው ነው።

ስምንተኛ ክፍል የደረስኩና የካሚዮን ረዳት ሆኜ የሠራሁ ስለነበርኩ አዲስ አበባ ተልኬ እንድማር ተደረገ። ያስተማረኝ የአስመራ ልጅ የሆነ መካኒክ ነው፤ ቱታው ከዘይት ብዛት ቆሞ የሚሄድ፣ ቁጡ ሰው። ጭነት ይዘህ ስትሄድ ቀንዱ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይበል፣ ቀንዱ የሚወጣበትን የብረት ምሰሶ ወደ ራስህ አዘንብለው፣ ዳገትም ቁልቁለትም ላይ ጭነቱ ፊቱ ወደ ዳገቱ ይሁን፣ ጥግ ስትደርስ ጥሩምባ ንፋ፣ ከተነሳ ጭነት ሥር የገዛ አባትህም ቢሆን አይለፍ። ይህን ሁሉ እያስጮኸ አስጠናኝ። ከዚያ አንድ ቀን ቀንዱ ላይ ብረት አስከምሮ አንሳ አለኝ። ሳነሳ የኋላ ጎማዬ ከመሬት ተነሳ። «አየህ? ሚዛን ነው የተቀመጥክበት» አለኝ፤ «ከኋላህ ያለው ብረት ተመዝኖ የተሠራ ነው። ጭነት ከበለጠው ሰዎች ከኋላ እንውጣና እናክብድልህ ይሉሃል። በየወደቡ አይቻለሁ። እንዳትሰማቸው። ብረት አይደነግጥም፣ ሰው ይደነግጣል።» ሰርተፊኬቴን ይዤ ስመለስ ከሰርተፊኬቱ ይልቅ ይህችን ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከዕድሜዬ ሁሉ የጣፈጡኝ ናቸው። ጠዋት ቦራውን አስነስቼ እስኪሞቅ አጠገቡ ቆሜ ፖሶሴ እበላለሁ፤ የተቀቀለ በቆሎና ባቄላ ነው፣ በቃሪያ ዳጣ ሲሆን አንጀት ያርሳል። አንጁሎ ያወጣል፣ ልጆቹ ይቀበላሉ፣ እኔ በዜማው አነሳለሁ፣ አወርዳለሁ። ማርታ በደጁ ስታልፍ ጥሩምባ የምነፋበት ጥግ ባይኖርም እነፋለሁ። አንጁሎ እየሰማ ያልሰማ ይመስላል።

ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ ከወደብ የመጣ አንድ የጣውላ ሳጥን ደጃችን ደረሰ። በቢጠና በኩል ቆላ ለሚገኝ የጥጥ እርሻ የሚሄድ የውኃ መሳቢያ ሞተር ነው። ከመጣበት ካሚዮን ወርዶ፣ ቆላ ወደሚወርደው ካሚዮን መዛወር አለበት። በማግሥቱ ከአውራጃው ትልልቅ ሰዎች መጥተው ውኃው ሲፈስ ሊመርቁ ቀጠሮ ተይዟል። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ታደሰ ከጠዋት ጀምሮ ከረባቱን ሲያጠብቅና ሲያላላ ነበር የዋለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከእሱ በላይ የሚጮሁበት ሰዎች ነበሩ፣ ጩኸቱን ወደ ታች ያሳልፈው ነበር። የመጀመሪያውን ካሚዮን ጎን ለጎን አስጠግተውልኝ ቀንዴን ከሳጥኑ ሥር አስገባሁና፣ ለመሞከር ያህል ትንሽ አነሳሁት። ወዲያው የኋላዬ ቀለለ፤ መሪው እጄ ውስጥ ባዶ ሆነ። ቀስ ብዬ መለስኩት። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ክብደት ከቦራው ጎን በተለጠፈው ናስ ላይ ከተጻፈው አቅሙ ጋር አስተያየሁት፤ ሳጥኑ ይበልጣል።

አንጁሎ ከኔ ቀድሞ አይቶታል። «ኋላው ቀለለ! በሬው ጎበጠ! ልጆች፣ ትከሻ!» ብሎ ጮኸ። ከመቼው እንደወጡ አላውቅም፣ ዞር ስል እሱና ሌሎች አራት ሰዎች ከኋላዬ ብረቱ ላይ ተደርድረው፣ አንዱ የአንዱን ወገብ ይዞ፣ እየሳቁ ያዜማሉ። ከፊት ደግሞ የቀሩት ሳጥኑን በእጃቸው ሊደግፉ ከቀንዱ ሥር ገብተዋል።

ቁልፉን አዞርኩና ሞተሩን አጠፋሁት።

«ምን ሆነ? በሬ ሞተ?» አለ አንጁሎ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ጋሼ። ይውረዱ። ሰው ከኋላ ወጥቶልኝ አላነሳም።»

«እኛ እኮ ልንረዳ ነው! አንተ ብቻህን ከባድ ይዘህ፣ እኛ ቆመን እንይ? ይሄ በኛ ነውር ነው፣ ታውቃለህ።»

«ማገዝ አይሆንም ይሄ። ሳጥኑ ወደ ፊት ሲያዘነብል እናንተ ወደ ላይ ትነሳላችሁ። ያን ጊዜ አንዱ ደንግጦ ይዘላል። አንዱ ከዘለለ ሚዛኑ ጠፋ፤ ሳጥኑ ፊት ያሉት ላይ ነው የሚወድቀው።»

ሳቁ ከፊቱ ሲጠፋ አየሁት። «እኔ እዘላለሁ?» አለ። «አንጁሎ ከሸክም ይሸሻል? እንደዚህ አልክ?»

«ቢዘሉ ሌላው ይሞታል፣ ጋሼ። ባይዘሉ ደግሞ ማሽኑ ሲገለበጥ እርስዎ ይሞታሉ። እኔ የፈራሁት እርስዎ እንደማይዘሉ ስለማውቅ ነው።»

አልሰማኝም። የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አንጁሎን በልጆቹ ፊት ከሸክም ይሸሻል ብዬዋለሁ፤ በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። አቶ ታደሰ ጩኸቱን ሰምቶ ከቢሮው ወጣ።

«ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ሉቃስ፣ አንሳ!»

«አቶ ታደሰ፣ ሳጥኑ ከማሽኑ አቅም በላይ ነው። ይከፈትና ሞተሩ ከመቀመጫው ተፈትቶ በሁለት ዙር ላንሳው። እስከ ምሽት ይደርሳል።»

«ማን ይፈታዋል? ማን ይገጥመዋል? ነገ ስንት ሰው እንደሚመጣ ታውቃለህ? ምንም አይሆንም፣ አንሳ!»

«አላነሳም።»

«እሺ፣ ውረድ። ቁልፉን ለካሚዮን ሾፌሩ ስጠው፣ እሱ ያነሳዋል።»

ቁልፉን ነቅዬ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት። «ቁልፉንም አልሰጥም። ፖሊስ ይጥሩ ከፈለጉ፤ እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።» ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ አልዋሽም። ሾፌሩ ሊጎትተኝ የቦራው መወጣጫ ላይ እግሩን አሳረፈ። ከኋላዬ ያሉት አልወረዱም። ከፊት ያሉት ከቀንዱ ሥር አልወጡም። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ ብድግ ብዬ ወንበሩ ላይ ቆምኩና፣ «በዳጎ አውጪው ቁሙ ሲል ማን ይንቀሳቀሳል? እዚህ ወንበር ላይ አውጪው እኔ ነኝ! ኤቂቴ!» ብዬ ጮህኩ።

ግቢው ደረቀ። ከጭንቅላታቸው በፊት እግራቸው ሰማ። ወዲያ ማዶ ማዳበሪያ ተሸክሞ ይሄድ የነበረ ሰው ሳይቀር አንድ እግሩን አንስቶ ቀረ። ሾፌሩ ቆመ፤ ከቀንዱ ሥር የነበሩትም እጃቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ወጡ። ከኋላዬ መጀመሪያ የወረደው ራሱ አንጁሎ ነው። ዞሮ ፊቴ መጣና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቃሌን ከአፌ ወሰድክ» አለኝ።

ከዚያ እኔን እንደሌለሁ ቆጠሩኝ። የባሕር ዛፍ ግንድ አመጡ፣ ሳንቃ ከካሚዮን ካሚዮን ዘረጉ፣ ገመድ አሰሩ። አንጁሎ አወጣ፤ እንደዚያ ቀን ሲያወጣ ሰምቼው አላውቅም፣ ዜማው የለቅሶ ይመስል ነበር። ሳጥኑን በግንዱ ላይ እያንከባለሉ፣ አንድ ክንድ ገፍተው እየቆሙ፣ ኤቂቴ ሲባል እየቆሙ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አዛወሩት። ይህን ሥራ ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ማንም አልተጎዳም። በመሀል አላስቻለኝም፣ ሸሚዜን አውልቄ፣ ቁልፉን በእጄ ጨብጬ ገመዱ ጋ ሄድኩ። ማንም ቦታ አልለቀቀልኝም። ከአንዱ ወደ አንዱ ስዞር አንጁሎ ሳያየኝ፣ «ትከሻህን ለበሬህ ስጥ» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ያቺ ሳቅ ከሥራ ከመባረሬም፣ ኋላ ከተባልኩት ሁሉም ትበልጥብኛለች። ዛሬም ሳስታውሳት ጆሮዬ ይሞቃል።

ካሚዮኑ ቁልቁለቱን ሲጀምር ቁልፉን አቶ ታደሰ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» አለኝ። በማግሥቱ ውኃው ፈሰሰ፣ ተመረቀ፣ ተጨበጨበ። ሻይ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ፈሪው ሉቃስ የሚለው ስም ከሻዩ ጋር ቀረበ። ሽማግሌዎቼ አንጁሎ ቤት ሄደው ደጅ ላይ መለሳቸው። «እህቴ ለፈሪ አይሄድም» አላቸው። የያኔው የእኛ አማርኛ እንዲያ ነበር፤ ወንዱንም ሴቱንም አንድ ላይ ይነዳል። ቢሆንም መልእክቱን ማንም አልሳተውም።

ማርታን የሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቄ አገኘኋት። ዝናብ ጥሎ አባርቷል፤ የሰማያዊ ሹራቧ እጅጌ ረጥቧል። ልታለቅስ ነው ወይስ ልትሰድበኝ ብዬ እግሯን እግሯን ሳይ፣ «ቀና በል» አለችኝ። «ወንድሜ ክብሩ ተነካ። ክብር ይድናል። እኔ እዚህ የማይድነውን ነው በየቀኑ የማጥበው። ድንጋይ የወደቀበት፣ ካሚዮን የረገጠው እግር አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቻለሁ። ሽማግሌ ላክ።»

«መለሳቸው እኮ።»

«እንደገና ላክ። እስኪሰለቸው ላክ። እኔ የትም አልሄድም።»

ላክሁ። እንደገና ላክሁ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው እስኪያፍሩ ላክሁ። ክረምቱ ሄዶ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ አንጁሎ «እሷ ስለፈለገ ነው እንጂ» ብሎ ሰጠኝ። ሠርጋችን ላይ ተገኘ፤ ደንቡን ሁሉ ፈጸመ። አንድ ነገር ብቻ አላደረገም፣ አላወጣም። በወላይታ ሠርግ ሁሉ የሚያወጣው አንጁሎ፣ በገዛ እህቱ ሠርግ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። ማርታ የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች አንዴ ዞር ብላ አየችው፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዛሬ ነገሩን አንስታብኝ አታውቅም።

ከመጋዘኑ ከወጣሁ በኋላ ለሃያ ምናምን ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ። በዚያ ሁሉ ዓመት የሰማሁት አንድ ነገር ነው፤ «ምንም አይሆንም ነበር።» እውነታቸውን ነው፤ ላይሆን ይችል ነበር። ከኔ በኋላ ቦራውን የያዘው ሰው ሰዎችን ከኋላ እያስወጣ ስንት ከባድ ነገር አነሳ፤ ምንም አልሆነም። ይህንን እየመጡ በደስታ ይነግሩኝ ነበር። አደጋን ከመንገድ የሚመልስ ሰው ዕዳው ይህ ነው። የደረሰ አደጋ ምስክር አለው፤ የሚያለቅስለትም አለው። ሳይደርስ የቀረውን ግን ማን አይቶት ይመሰክራል? ስለዚህ ሳይደርስ ያስቀረውን ሰው ፈሪ ይሉታል። ይበሉ። ዛሬም ባጃጅ ውስጥ ስድስት ሰው ሲታጨቅ፣ ሠራተኛ በባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ያለ ገመድ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ምንም አይሆንም ይባላል። እኔ ደግሞ በዱላዬ ባጃጁን መትቼ ወርጄ በእግሬ እሄዳለሁ። ልጆቼ ያፍሩብኛል። ማርታ ግን አብራኝ ትወርዳለች፤ ጉልበቷ እያመማት፣ እኔን እየተራገመች፣ ግን ትወርዳለች።

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጃችን ተዳረች። ድንኳኑ የተጣለው ደጃችን ላይ ነው። አንጁሎ መጣ፤ ሰማንያን አልፏል፣ ትከሻው ወርዷል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ዳጣውም ሥጋውም ከቀረበ በኋላ ወጣቶቹ ከበቡትና ያንን የበሬውን ታሪክ ንገሩን አሉት። እኔ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ነገራቸው። እንደ ልማዱ እኔን እያስመሰለ፣ ወንበር ላይ እየቆመ፣ ድምፄን እያንቀጠቀጠ ነገራቸው። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። የሙሽራው ጓደኞች እኔን እያዩ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጋሼ፣ ይብቃ እንጂ» አለችው ማርታ።

«የለም፣ አይበቃም! ይሄ ሰው ሞትክ አለኝ እኮ! ባትዘል ትሞታለህ አለኝ! ይኸው፣ እዩ!» አለና ተነሳ። ዱላውን ለአንዱ ወጣት ሰጠ። መሀል ሜዳ ገባና፣ ሳር የተጎዘጎዘውን መሬት በአንድ እግሩ መታ፣ በሌላው መታ። «ሁለት እግር! ሁለት እጅ! ልጆች፣ የልጅ ልጆች! ምን ሆንኩ? እስቲ ንገረኝ፣ ሉቃስ፣ በሰው ሁሉ ፊት ንገረኝ። እኔ አንጁሎ ምን ሆንኩ?»

ከዚያ መልሴን ሳይጠብቅ ማውጣት ጀመረ። በእህቱ ሠርግ የዘጋውን አፍ በልጅ ልጇ ሠርግ ከፈተው። ድንኳኑ ሙሉ ተቀበለው፤ እሱም ሳሩን በሁለት እግሩ እየመታ፣ እየዘለለ፣ አዎ እየዘለለ፣ ፊቴ ድረስ መጣና ላቡ እየወረደ ጎንበስ አለብኝ።

«እህ? ምን ሆንኩ?»

«ምንም አልሆኑም፣ ጋሼ» አልኩት።